አየር ሲናወጥ ወዴት ይወጣል?

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንዲት አሮጊት የጠየቁት ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በሰማንበት ዕለት ከመካከላችን ደኅና መልስ የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ አፍረን መጻሕፍት ገለጥን፤ የሳይንስ ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። ያገኘነውን እነሆ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ አንዱ የካራቆሬ ልጅ ነው። አያቱ የዓይን ሕመም ጸንቶባቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እንዲታከሙ ሲታዘዝ፤ የመኪናው መንገድ በዚያ ሰሞን የሚያስተማምን ስላልነበረ፤ እስከ ኮምቦልቻ ወስዶ ከዚያ በአይሮፕላን ይዟቸው ተነሣ። ወሩ የካቲት፤ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለምልክት የሚሆን ደመና እንኳ አይታይበትም። የይፋት ቆላ በግራ በኩል እንደ ሰሌን ተዘርግቶ፤ ደጋውም በቀኝ በኩል እንደ ግንብ ቆሞ በመስኮት እየታየ ሳለ፤ አይሮፕላኑ ሳይታሰብ ቁልቁል ወረደ፤ መልሶም ወደ ላይ ዘለለ፤ ግራና ቀኝም ተንገዳገደ። አገሩን ለማየት ቀበቶውን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ተንጠራርቶ የነበረው ጓደኛችን ግንባሩን ክፉኛ ተጋጨ። ተሳፋሪው ሁሉ በየሃይማኖቱ ጸሎት ጀመረ። ነገሩ በጠቅላላው የፈጀው ጊዜ በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሰላምታ ተለዋውጠው እስኪጨርሱ ከሚወስድባቸው ጊዜ ያነሰ ነበር።

እማማ አስተናጋጇ ያሰረችላቸውን ቀበቶ ስላልነኩት ምንም አልሆኑም። አየሩ ሲረጋ ግን ወደ ልጅ ልጃቸው ዘወር ብለው፤

«ልጄ፤ መሬት በተናወጠች ጊዜ ከቤት ወጥተን ሜዳ ላይ አደርን። አየር ሲናወጥ ግን ወዴት ይወጣል?» አሉት።

ጓደኛችንም ሲባል የሰማውን ይዞ፤ «አይሮፕላኑ የአየር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው፤ እማማ» ብሎ መለሰላቸው።

«ጉድጓድ ያለ መሬት ይቆፈራል?» አሉት። ዝም አለ።

ሐኪሙ ዓይናቸውን ካየ በኋላ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ አዘዘ። እማማ መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ጠብቀው በመኪና ወደ አገራቸው ገቡ። ቀጠሮው ሲደርስ ግን መንገዱ እንደገና የማያስተማምን ሆነ። በአይሮፕላን እንሂድ ቢባሉ፤ «ዓይኔ ቢቀር ይቅር እንጂ ሁለተኛ እዚያ ላይ አልወጣም» አሉ። እንግዲህ አንድ ተማሪ ማስረዳት ያልቻለው ነገር የአንድ ሰው ብርሃን ሊያስቀር ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ እማማ ስለ መሬት የተናገሩት ከየት እንደ መጣ እንግለጽ። የካራቆሬ ስም የመሬት መንቀጥቀጥን በሚያጠኑ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ይፋትን ደጋግሞ ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን ፈጽሞ አፍርሷል፤ ከካራቆሬ ቤቶችም ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ጥሏል፤ ከካራቆሬ በስተሰሜን ያለውንም አውራ ጎዳና በስንጥቅና በናዳ አበላሽቷል። እማማ በዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ካራቆሬ የቆመችበት ሥፍራ ነው። ደጋው ከቆላው የሚለያይበት የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ገደል በዚያ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው መሬትም ዛሬም ቀስ በቀስ እየተሳሳበ ነው።

እኛም ጉዳዩን ስንመረምር ያገኘነው አስገራሚ ነገር ይህ ነው፤ መሬቱን የሚያናውጠው ገደልና አየሩን የሚያናውጠው ገደል አንድ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። እማማ እንደ ተጠራጠሩት የአየር ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። አየር ባዶ አይደለም፤ ክብደት አለው። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጣርማ በር ከፍታ ደግሞ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አየር እንደ ውሃ የሚፈስስ፤ የሚጋጭና የሚሽከረከር ነገር ነው። አይሮፕላን በድንገት ሲወርድ የሚደግፈው አየር ጠፍቶ አይደለም፤ የገባበት አየር ራሱ ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ ይዞት ይወርዳል እንጂ። በማዕበል ላይ ያለች ታንኳ ስትወርድ ባሕሩ ጉድጓድ አለው እንደማንል ሁሉ ይህንንም ጉድጓድ ልንለው አይገባም። ሊቃውንቱ ተርቡለንስ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የአየር መናወጥ እንለዋለን።

የጀውሃን ወንዝ በክረምት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃው ደልዳላ ሥፍራ ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ድንጋይ ሲያጋጥመው ግን ከድንጋዩ በስተጀርባ እየዞረና እየተገለባበጠ ይወርዳል። በወንዝ ውስጥ ድንጋዩ አይታይም፤ አዙሪቱ ይታያል። በአየር ውስጥ ግን ድንጋዩ ይታያል፤ አዙሪቱ አይታይም። የአየር መናወጥ አስቸጋሪነቱ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

ይህ የማይታይ አዙሪት የሚፈጠርባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ለእኛ አገር የሚቀርቡትን ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በበጋ እኩለ ቀን ፀሐይ ሜዳውን ስታግለው አፈሩ በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ቀላል ስለሚሆን ወደ ላይ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ቦታውን ለመያዝ ይወርዳል። የታረሰ ጥቁር መሬት ከአትክልት ሥፍራ ይልቅ ስለሚሞቅ፤ መውጣቱና መውረዱ እንደ መሬቱ ዓይነት ይለያያል። በቀትር አቧራ አንሥቶ በሜዳ ላይ የሚሽከረከረው አውሎ ነፋስ የዚሁ የሚወጣ አየር እግር ነው። ጥንብ አንሣም ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣው ይህንኑ አየር መሰላል አድርጎ ነው። ለጥንብ አንሣ መሰላል የሆነው አየር ግን፤ በሰዓት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ለሚያቋርጠው አይሮፕላን ኮረኮንች መንገድ ይሆንበታል። ይህ ዓይነቱ መናወጥ በማለዳ ፀሐይ መሬቱን ገና ሳታሞቀው እምብዛም አይኖርም፤ ከቀትር በኋላ ግን ይበረታል። እማማ የተነሡት በስምንት ሰዓት እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ተራራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሰው በመኪና እየተጠማዘዘ የሚወርደውን ይህን ገደል ነፋስ በአንድ ጊዜ ይሻገረዋል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ይወረወራል። በክረምት ደግሞ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ደጋውን አቋርጦ ከጫፉ ላይ ወደ ቆላው ይወርዳል። በኃይል የወረደ አየር ታችኛው ወሰን ላይ ሲደርስ መልሶ ይነሣል፤ ተነሥቶም እንደገና ይወርዳል፤ በዚህ ዓይነት ከተራራው አልፎ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ማዕበል ይሆናል። አየሩ እርጥበት ካለው በማዕበሉ ጫፍ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ለስላሳ ደመና ቆሞ ይታያል፤ ለአብራሪውም ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ሰማዩ ጥርት እንዳለ ማዕበሉ ሥራውን ይሠራል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ስውር የሆነውና በጠራ ሰማይ፤ ከተራራም ከሙቀትም በላይ የሚገኘው ነው። ይህን ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ያገለግሉ የነበሩት የዲሲ-3 ዓይነት አይሮፕላኖች፤ በውስጣቸው የአየሩ ግፊት ስለማይጠበቅ እጅግ ከፍ ብለው መብረር አይችሉም ነበር። ስለዚህ የተራራውንና የቆላውን መናወጥ ሁሉ እየተቀበሉ ይጓዙ ነበር። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ በጄት አይሮፕላን ማገልገል ጀመረ። ጄት ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ይበራልና ከአብዛኛው ዝናብና ተራራ አመለጠ። ነገር ግን ከአንዱ ሲሸሽ በሌላው ላይ ደረሰ፤ በዚያ ከፍታ እንደ ወንዝ ተለይተው የሚሮጡ ኃይለኛ ነፋሳት አሉና።

ከእነዚህ አንዱ በእኛ በጋ ወራት በግብፅና በሰሜን ሱዳን አካባቢ፤ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚሆን ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አይሮፕላኖቻችን ያቋርጡታል። ሌላው በክረምት ከሕንድ አገር ተነሥቶ በላያችን ወደ ምዕራብ የሚያልፈው ነው። የነፋሱ መፍጠን ብቻውን አደጋ አይደለም፤ አደጋው ፈጣኑ አየር ከዘገምተኛው ጋር በሚተሻሽበት ድንበር ላይ ነው። አንባቢ ይህን አሁኑኑ ሊሞክር ይችላል። እርሳስ በሁለት መዳፎችህ መካከል ያዝ፤ ሁለቱንም እጆችህን በእኩል ፍጥነት ወደ አንድ አቅጣጫ ብታንቀሳቅስ እርሳሱ አይዞርም። አንዱን መዳፍ ከሌላው ብታስቀድም ግን እርሳሱ መሽከርከር ይጀምራል። በሁለቱ ነፋሳት መካከል ያለው አየር እንደ እርሳሱ ነው። የፍጥነታቸው ልዩነት ከልክ ሲያልፍ ይሽከረከራል፤ ይሰበራል፤ ከትልቁ አዙሪት ትንንሽ አዙሪት ይወለዳል። ከእነዚህ መካከል አይሮፕላንን የሚያስቸግሩት ስፋታቸው ከመቶ ሜትር እስከ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርሱት ናቸው። ከዚያ የተለቀውን አይሮፕላኑ ቀስ ብሎ ይወጣዋል፤ ያነሰውን ደግሞ ጥሶት ያልፋል።

ታዲያ ይህ ነገር አይሮፕላን ይሰብራልን? እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር፤ አንዳንድ ጊዜ ሰብሯል። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1964 አንድ ቢ-52 የተባለ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን በተራራ አካባቢ በጠራ ሰማይ ሲበር ቀጥ ብሎ የቆመው የጅራቱ ክንፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ አብራሪዎቹ ግን ለብዙ ሰዓት እንደ ምንም ይዘውት በሰላም አሳረፉት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1966 የደረሰው ግን የከፋ ነበር። ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. ይባል የነበረው የእንግሊዝ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 707 ከቶኪዮ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲሄድ፤ 3,776 ሜትር ከፍታ ባለው በፉጂ ተራራ አጠገብ በጠራ ቀን ሰማይ ላይ ተበታተነ። በውስጡ የነበሩት 124 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ምክንያቱም ኃይለኛ ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ በስተጀርባው የፈጠረው፤ ከላይ የገለጽነው ዓይነት ማዕበል መሆኑ ታውቋል።

ከእነዚህ አደጋዎች መሐንዲሶችም አብራሪዎችም ተምረዋል። የዛሬ የመንገደኛ አይሮፕላን ክንፍ በአገልግሎት ዘመኑ ሊገጥመው ይችላል ተብሎ ከተገመተው ከፍተኛ ሸክም አንድ ጊዜ ተኩል እንዲችል በሕግ ይገደዳል። የእኛም አየር መንገድ ከሚጠቀምባቸው አንዱ የሆነው የቦይንግ 777 ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1995 በመሬት ላይ ሆን ተብሎ እስኪሰበር ሲፈተን፤ ጫፉ ከ7 ሜትር በላይ ወደ ላይ ከታጠፈ በኋላ ከተገመተው ሸክም 154 በመቶ ሲደርስ ነው የተሰበረው። ስለዚህ ተሳፋሪ በመስኮት ሲመለከት ክንፉ ሲወዛወዝ ቢያይ መደንገጥ የለበትም። የሚወዛወዘው እንዳይሰበር ነው፤ ሸንበቆ በነፋስ እንደሚጎነበስ ማለት ነው። አብራሪውም መናወጥ ሲያጋጥመው፤ ሾፌር ኮረኮንች ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ፤ ለዚህ ወደ ተወሰነው ፍጥነት ያቀዘቅዛል።

አይሮፕላኑ ካልተሰበረ የሚሰበረው ምንድን ነው? ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይጓዝ የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 በምያንማር ሰማይ ላይ በኃይል ተናወጠ። መርማሪዎች ባወጡት የመጀመሪያ መግለጫ መሠረት አይሮፕላኑ እያደገ በሚሄድ ደመና አካባቢ ሳያልፍ አልቀረም፤ በ4.6 ሴኮንድ ውስጥም 54 ሜትር ያህል ወርዷል። አንድ መንገደኛ ሞተ፤ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቆሰሉ፤ አይሮፕላኑ ግን በሰላም ባንኮክ አረፈ። በአሜሪካ መንግሥት ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 በአየር መናወጥ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው 163 ሰዎች ሲሆኑ፤ ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የበረራ ሠራተኞች ናቸው። ይኸውም እኛ ተቀምጠን ሳለ እነርሱ ሻይና ውሃ ሊያመጡልን ቆመው ስለሚሄዱ ነው።

አደጋው የሚደርስበት መንገድ ቀላል ነው። አይሮፕላኑ ከዕቃ መውደቅ በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ታች ሲሳብ፤ ያልታሰረው ሰው አብሮት አይወርድም። ሰውየው ወደ ጣራው የተወረወረ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ጣራው ነው ወደ እርሱ የወረደበት። ቀጥሎ አይሮፕላኑ ሲነሣ ወለሉ ከታች ይቀበለዋል፤ ወይም የታሰረው ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቀበቶ ማሰር ለራስ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ይህን ሁሉ መሣሪያ የያዘ አይሮፕላን እንዴት አስቀድሞ አያየውም?» ይል ይሆናል። በአይሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ያለው ራዳር የሚያየው የውሃ ጠብታን ነው፤ ደመናንና ዝናብን ለይቶ ያሳያል። ደረቅ አየር ግን ራዳሩ የሚያየው ጠብታ የለውምና እየተገለባበጠ ቢሆንም ለራዳሩ ባዶ ሰማይ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከጥሩ መከላከያዎች አንዱ የጥንት የነጋዴዎች ዘዴ ነው፤ ቀድሞ ያለፈው ለሚከተለው ይነግራል። የተናወጠ አብራሪ ቦታውንና ከፍታውን በሬዲዮ ያስታውቃል፤ ከኋላው ያለው መንገዱን ወይም ከፍታውን ይለውጣል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም የነፋሱን ልዩነት አስልተው የሚያሠጉትን ቦታዎች ያመለክታሉ። ሆኖም ሁሉም ቦታ አይታወቅም፤ ምልክቱ ከመብራቱ በፊትም ሊደርስ ይችላል።

ነገሩም እየባሰ መሄዱን መግለጽ ይገባናል። በእንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቁት፤ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ባለ አንድ ሥፍራ በዓመት ውስጥ ከባድ የጠራ ሰማይ መናወጥ የሚገኝበት ጊዜ በ1979 ከነበረው 17.7 ሰዓት በ2020 ወደ 27.4 ሰዓት አድጓል፤ ይህም 55 በመቶ ጭማሪ ነው። የዓለም አየር መሞቅ በከፍተኛ ነፋሳት መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ስለሚያሰፋው ነው ይላሉ። ወደፊት ብዙ የሚበሩት የእኛ ልጆች ስለሆኑ ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እማማ እንመለስ። ጓደኛችን ለዕረፍት ወደ ካራቆሬ በወረደ ጊዜ ቡና እየተፈላ ሳለ አጠገባቸው ተቀመጠ። ዓይናቸው አጥርቶ ስለማያይ ሥዕል ሊስልላቸው አልቻለም። ስለዚህ እርሳስ በመዳፎቻቸው መካከል አኖረና አንዱን እጃቸውን ቀስ አድርጎ ገፋው። እርሳሱ በመዳፋቸው ውስጥ ሲዞር ተሰማቸው። «አየሩም እንዲህ ነው፤ እማማ፤ ጉድጓድ አይደለም። አይሮፕላኑ እንዳይሰበር ሆኖ ተሠርቷል። ክፉው ነገር ሰው ሳይታሰር ሲገኝ ነው። እርስዎ ታስረው ስለነበረ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ፈትቼ ግንባሬን ተመታሁ» አላቸው።

እማማ እርሳሱን ሦስት አራት ጊዜ አዙረው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፤

«እንግዲያ ሜዳው ቀበቶው ነው በለኛ» አሉት።

እኛ ብዙ ገጽ አገላብጠን ያገኘነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። መሬት ስትናወጥ ሰውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ መናወጧ ሳይሆን የሚወድቀው ቤት ስለሆነ ወደ ሜዳ ይወጣል። አየር ሲናወጥም የሚጎዳው በጣራና በወለል መካከል ልቅ መሆን ስለሆነ ወደ ቀበቶ ይገባል። መብራቱ ቢጠፋም፤ ሰማዩ ቢጠራም፤ ከወንበር እስካልተነሡ ድረስ አለመፍታት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየክረምቱ ወደ የአገራችን ስንመለስ ሰዎች ብዙ ነገር ይጠይቁናል። «የአየር ጉድጓድ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ያ መልስ አንዲት ሴት ከሐኪም ቀጠሮ አስቀርቷል። የማናውቀውን ጠይቀን፤ አጣርተን፤ በሚጨበጥ ምሳሌ መመለስ ከእኛ ይጠበቃል። እማማ ባለፈው ወር ወደ ሐኪማቸው መጥተዋል። ጉዞውን በእሺታ የተቀበሉት ግን በአንድ ስምምነት ነው፤ «በማለዳ የሚነሣውን ቁረጥልኝ፤ ፀሐይዋ ሜዳውን ሳታሞቀው» አሉት።